በነጭ ስጎ የተጋገረ አትክልት ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሔው

አትክልትን ከወተት፣ ከቅቤና ከዱቄት ከተሠራ ነጭ ስጎ ጋር አዋሕዶ፣ ከላዩ ቺዝና የዳቦ ፍርፋሪ ነስንሶ በኦቭን መጋገር ለበዓል ማዕድ እጅግ የሚመች አሠራር ነው። ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ከዋዜማው ሊሰናዳ ይችላል፤ ሥጋ ለሚበላውም ለማይበላውም እኩል ይቀርባል። ይሁን እንጂ በአዘቦት ቀን ለአራት ሰው ሲሠራ እንከን የማይወጣለት ይኸው ምግብ፣ መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር፣ መጋገሪያው ሲሰፋና ሲጠልቅ፣ ኦቭኑንም ከሌሎች ምግቦች ጋር ሲጋራ፣ ልክ እንግዶች በተቀመጡበት ሰዓት ያሳፍራል። ብዙዎቻችን ያኔ ኦቭኑን እንወቅሳለን። እኔ ግን ደጋግሜ ሠርቼ የደረስኩበት ድምዳሜ ሌላ ነው፦ አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ምግቡ ኦቭን ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከጥፋቶቹም የሚበዙት ውሃ በማይገባው ቦታ በመገኘቱ የሚመጡ ናቸው።

ከዚህ በታች የሚነገረውን ለመከታተል እንዲያመች መነሻ የሚሆነውን መጠን ላስቀምጥ። ርዝመቱ 33፣ ወርዱ 23 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጋገሪያ ለ8 ሰው ያህል ለማዘጋጀት፣ ተልጦና ተቆርጦ 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን አትክልት፣ 1 ሊትር ወተት፣ 70 ግራም ቅቤ፣ 70 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 200 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝና 100 ግራም የዳቦ ፍርፋሪ ይበቃል። ኦቭኑ አስቀድሞ እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል፤ አትክልቱ አስቀድሞ የበሰለ ከሆነ መጋገሩ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል።

ከሥሩ ውሃ ሲያቁር

ከሁሉም የሚበዛው አቤቱታ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። ምልክቱ የሚታየው ምግቡ ከቀረበ በኋላ ነው። ላዩ ወርቃማ ሆኖ፣ ጠርዙ ተንተክትኮ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ይሆናል። የመጀመሪያው ማንኪያ ሲገባ ግን ከሥር የጠራ ወይም ወተት የመሰለ ውሃ ወደ ተቆረሰው ጎን ይፈስሳል፤ ስጎው ከአትክልቱ ላይ ተንሸራቶ ይወርድና አትክልቱ ራቁቱን ይቀራል።

ምክንያቱን ለመረዳት አትክልት በውስጡ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ማስላት ይረዳል። ከዝኩኒ ክብደት 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። እንጉዳይ፣ አበባ ጎመንና ጥቅል ጎመን ወደ 92 በመቶ ይጠጋሉ፤ ስፒናች 91፣ ፎሶሊያ 90 በመቶ አካባቢ ነው። 1.5 ኪሎ ዝኩኒ መጋገሪያ ውስጥ ሲገባ ከ1.4 ሊትር የሚበልጥ ውሃ አብሮት ገባ ማለት ነው። ሙቀት የአትክልቱን የሕዋስ ግድግዳ ሲያፈርስ ከዚህ ውሃ አንድ አምስተኛው ብቻ እንኳ ቢወጣ፣ ከሩብ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በሚገባ የተሠራውን ስጎ ያቀጥነዋል። በዚያ ላይ ስጎው እንደ ክዳን ስለሚሸፍነው ውሃው ተንኖ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በአንድ የበዓል እራት ላይ ነው። የዝኩኒው ምግብ ውሃ ሆኖ ሲወጣ ጥፋቱን በስጎው ላይ ጥዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዱቄቱን በእጥፍ ጨመርኩ። ያገኘሁት ከላይ እንደ ገንፎ የጠጠረ ስጎ፣ ከሥር ደግሞ ያው ውሃ ነበር። ዱቄት መጨመር ውሃውን አይከለክለውም፤ ውሃው መውጣት ያለበት ከአትክልቱ ነው፣ መውጫ ጊዜውም ከመጋገሩ በፊት ነው።

መፍትሔው እንደየአትክልቱ ይለያያል። ዝኩኒ ተቆራርጦ ለያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይነሰነስበትና ለ30 ደቂቃ በማጥለያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ጫን ጫን ይደረጋል። ይህን ያደረገ ሰው በስጎው ውስጥ የሚገባውን ጨው መቀነሱን መርሳት የለበትም። እንጉዳይ የሚደርቀው በሰፊ መጥበሻ፣ በኃይለኛ እሳት፣ ሳይደራረብ ነው፤ እዚህ ላይ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይረዳል። መጀመሪያ መጥበሻው ሲነካው ችስ የማለት ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ውሃው ስለሚወጣ ድምፁ ወደ መንተክተክ ይለወጣል፤ ውሃው ሲያልቅ ደግሞ ድምፁ እንደገና ደረቅና ስል ይሆናል። መውጣት ያለበት በዚህ በሦስተኛው ድምፅ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ላይ ያቆማል፤ የቀረውን ውሃ ስጎው ይቀበለዋል።

ስፒናች በራሱ እርጥበት በትንሽ እሳት እስኪጠወልግ ይበስላል፤ ከበረደ በኋላ እፍኝ እፍኙ እየተያዘ ይጨመቃል። ኳሱ ቅርጹን ይዞ ሲቀርና የጣት አሻራ በላዩ ሲታይ፣ አጥብቀው ሲይዙትም ጠብታ ካልወጣው በቅቷል። አበባ ጎመንና ብሮኮሊ በሁለት መንገድ ይዘጋጃሉ። የተሻለው በትንሽ ዘይት ተለውሰው በ220 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሰፊ ትሪ ላይ መጋገር ነው፤ ውሃቸው ይተናል፣ ጣዕማቸውም ይጠልቃል። በፈላ ውሃ ለብለብ የሚደረጉ ከሆነ ግን አበባቸው ውሃውን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ፣ ግንዳቸው ወደ ላይ፣ አበባቸው ወደ ታች ሆኖ በጨርቅ ላይ ተደፍተው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መጠንፈፍ አለባቸው። ከፍሪዘር የወጣ አትክልት ደግሞ ሕዋሱ በበረዶው የተሰነጠቀ በመሆኑ ከትኩሱ ይልቅ ብዙ ውሃ ይለቃል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟና ሳይጨመቅ ስጎ ውስጥ መግባት የለበትም።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ፈተና አለ። የተዘጋጀውን አትክልት በማጥለያ ላይ አድርገው ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡና ለ10 ደቂቃ ይተዉት። ሳህኑ ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ ምግቡ ገና አልተዘጋጀም።

ውሃው የታየው ምግቡ ገበታ ሊቀርብ ሲል ከሆነ ማማሰል አይገባም፤ ማማሰል ስጎውንም ይዞት ይጠፋል። መጋገሪያውን ወደ አንድ ጥግ አዘንብለው ውሃውን በማንኪያ ይቅዱ፤ ከዚያ ሳይሸፈን ወደ ኦቭን መልሰው ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ያቆዩት። ሁልጊዜም ቢሆን ከኦቭን እንደወጣ ሳይቆረስ ለ15 ደቂቃ ይረፍ። በዚያ ጊዜ ስታርቹ፣ ማለትም ስጎውን የሚያወፍረው የዱቄቱ ክፍል፣ እየበረደ ስለሚጠጥር፣ ትኩስ ሳለ ውሃ የመሰለው ስጎ ብዙውን ጊዜ ራሱን ይሰበስባል።

ከአትክልቱ ጋር የማይገናኝ አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። ስጎውን ለማበልጸግ የእንቁላል አስኳል የሚጨምሩ ሰዎች፣ ማታ ወፍራም የነበረው ስጎ ጠዋት ቀጥኖ ሲያገኙት ይደነግጣሉ። አስኳል አሚሌዝ የሚባል፣ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። አስኳሉ ከገባ በኋላ ስጎው ሊፈላ እስኪቃረብ ድረስ እየተማሰለ እንደገና ካልሞቀ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል። በስጎው ውስጥ ያለው ዱቄት አስኳሉ እንዳይፈረፈር ስለሚከላከልለት ይህን ማሞቅ መፍራት አያስፈልግም።

ስጎው ሲጓጉል ወይም ዱቄት ዱቄት ሲል

የስንዴ ስታርች ውሃ መምጠጥና ማበጥ የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ደረቅ ዱቄት በአንድ ጊዜ ትኩስ ፈሳሽ ሲያገኝ የእያንዳንዱ የዱቄት ክምር ላይኛው ክፍል ወዲያው ወደ ሙጫነት ይለወጥና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ጓጓላ የሚባለው ይኸው ነው። ቅቤ በቅድሚያ ከዱቄት ጋር የሚቁላላውም ለዚህ ነው፤ ስቡ የዱቄቱን ቅንጣቶች ለያይቶ ያቆያቸዋል።

ቅቤው ሲቀልጥ ዱቄቱን ጨምሮ በዝግታ እሳት መልኩ ሳይለወጥ ለ2 ደቂቃ ያህል ማቁላላት ይገባል። ወተቱ በመጀመሪያ በአንድ ጭልፋ ብቻ ይገባል፤ ያ ጭልፋ ሙሉ በሙሉ ተመጥጦ ድስቱ ውስጥ ልስልስ ያለ ሊጥ እስኪታይ ድረስ ሁለተኛው አይጨመርም። ከሦስተኛው ጭልፋ በኋላ የቀረውን በቀጭኑ እያፈሰሱ መምታት ይቻላል። ጓጓላው ከተፈጠረ በኋላም ቢሆን ነገሩ አልጠፋም፤ ስጎውን በጠባብ ወንፊት ማጥለል ወይም በብሌንደር መምታት ያስተካክለዋል።

ጥሬ የዱቄት ጣዕም የሚቀረው ግን ስጎው ስለወፈረ ብቻ የበሰለ ስለሚመስል ነው። ስጎ በፍጥነት ይወፍራል፤ የዱቄቱ ጣዕም የሚጠፋው ከወፈረ በኋላ በዝግታ እሳት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እየተማሰለ ሲንተከተክ ነው። ሲበቃ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ጣት ሲያልፍበት የተሰመረው መስመር ሳይገጥም ይቆያል። የድስቱ ሥር ከተቃጠለ ደግሞ በፍጹም አይፋቅ። ያልተነካውን ስጎ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ድስት ይገልብጡና ይቅመሱት፤ የጭስ ሽታ ከሌለው ይቀጥሉበት፣ ካለው ግን ቅመም አይሸፍነውምና እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል።

ስጎው ሲበጣጠስ ወይም ቅባቱ ሲለይ

ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ችግር ይቆጠራሉ፤ ምክንያታቸውና መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

ስጎው ውስጥ ጥቃቅን ነጫጭ ቅንጣቶች ከታዩና ፈሳሹ ውሃማ ከሆነ የተበጣጠሰው የወተቱ ፕሮቲን ነው። ኬዚን የተባለው ዋናው የወተት ፕሮቲን ወተቱ አሲድ ሲያገኝ ይሰባሰባል፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ ይህን ለማድረስ የሚያስፈልገው አሲድ ያንሳል። ስለዚህ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ወይን ጠጅ ወይም እርጎ ትኩስ ስጎ ውስጥ ሲገቡ አደጋው ከፍተኛ ነው። ቅባቱ ዝቅ ያለ ወተት ይበልጥ ይጠቃል። በአንጻሩ ቅባቱ 35 በመቶ የሚደርስ ክሬም ፕሮቲኑ ጥቂት፣ ስቡ ብዙ ስለሆነ ሳይበጣጠስ መንተክተክ ይችላል። ዱቄት በራሱ ጠባቂ ነው፤ በዱቄት የወፈረ ወተት ካልወፈረው ይልቅ አሲድን ይችላል። አሲድ ያለው ነገር የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ስጎው ከወፈረ በኋላ፣ ከእሳት ወርዶ፣ በመጨረሻ ይጨመር። ቲማቲም ከሆነ ውሃው እስኪደርቅ ለብቻው ተቁላልቶ በአትክልቱ መካከል ቢነጠፍ እንጂ ስጎው ውስጥ ባይቀላቀል እመርጣለሁ። አንዴ የተበጣጠሰ ፕሮቲን ወደ ቦታው አይመለስም። ብሌንደር ቅንጣቱን ያደቅቀዋል፣ ለመብላትም ችግር የለውም፤ ልስላሴው ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

ከላይ የቢጫ ዘይት ኩሬ ከታየና ስጎው በምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ካለ ግን ጥፋቱ የቺዝ ነው። ቺዝ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ፕሮቲኑ እየተኮማተረ በውስጡ የያዘውን ስብ ጨምቆ ያወጣዋል። ረጅም ጊዜ የቆየ ደረቅ ቺዝ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ተፈቅፍቆ በፓኬት የሚሸጠውም ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ስለሚነሰነስበት አዲስ እንደተፈቀፈቀው ልስልስ ብሎ አይቀልጥም። ስለዚህ ስጎው ከእሳት ወርዶ መንተክተኩ ሲያቆም፣ በቤት የተፈቀፈቀ ቺዝ እፍኝ እፍኝ እየተደረገ ይጨመር፤ የመጀመሪያው ሳይቀልጥ ሁለተኛው አይግባ። ለመቅለጥ ወጣት የሆነውን፣ ለጣዕም የቆየውን ሁለት እጅና አንድ እጅ አድርጎ መቀላቀል ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ስቡ ከተለየ በኋላ ድስቱን ከእሳት አውርደው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት እየጨመሩ በኃይል ቢመቱት፣ በተለይ ቶሎ ከተደረሰበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ሲጋገር ደርቆ እንደ ሊጥ ሲሆን

ይህ የመጀመሪያው ችግር ተቃራኒ ነው፤ ውሃን ፈርተው ስጎውን በጣም ያወፈሩ ሰዎች ላይ ይደርሳል። ስጎ ድስት ውስጥ ያለው ውፍረት የመጨረሻው አይደለም። በኦቭን ይተናል፣ ሲበርድ ይጠጥራል፤ አትክልቱ ድንች ከሆነም ራሱ ይመጠዋል። ወደ መጋገሪያው ሲፈስ ከሚፈለገው ትንሽ ቀጠን ማለት አለበት። ደርቆ ከወጣ ትኩስ ወተት በየጠርዙ አፍስሰው በፎይል ሸፍነው ለ10 ደቂቃ ይመልሱት።

ድንቹ ወይም ካሮቱ አልበስል ሲል

አንድ ሰዓት ሙሉ ተጋግሮ፣ ላዩ ጠቁሮ፣ ውስጡ ያለው ድንች ጥርስ ሥር ቀጭ ሲል ትዕግሥት ያስጨርሳል። የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቁራጩ ወፍራም ነው። ለድንች የሚመከረው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሁሉም እኩል መሆኑ ደግሞ ከቅጥነቱ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አትክልትን ጠንካራ አድርጎ የሚያቆመው ፔክቲን የሚባለው ማያያዣ በሙቀት ካልተፈታ በስተቀር ቁራጩ አይለሰልስም። አሲድ ይህን መፈታት ያዘገያል፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየምም ያጠነክረዋል። ከዚህ በተጨማሪ ድንች ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ፔክቲኑን ስለሚያጠናክረው፣ ከዚያ በኋላ ቢፈላም በቀላሉ አይለሰልስም። ከፍሪጅ የወጣ ጥልቅ መጋገሪያ በቂ ሙቀት በሌለው ኦቭን ውስጥ ሲገባ መሐሉ በዚያ ሙቀት ውስጥ በዝግታ ያልፋል፤ ሰዓቱ ቢረዝምም ድንቹ የማይበስለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ድንቹን ጥሬውን ከመደርደር ይልቅ በወተቱ ውስጥ በምድጃ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ማንተክተክ አስተማማኝ ነው። ቢላዋ ሲወጋው ትንሽ ብቻ የሚታገል ሲሆን ይወጣል። ከተከተፈ በኋላ በውሃ ባይታጠብ ይመረጣል፤ የሚታጠበው ስታርች ስጎውን የሚያወፍር ነውና። ተጋግሮ የጠጠረ ከሆነ ትኩስ ወተት ጨምረው፣ በፎይል አጥብቀው ሸፍነው፣ በ170 ዲግሪ ተጨማሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይስጡት፤ መብሰሉንም ከጠርዙ ሳይሆን ከመሐሉ በቢላዋ ጫፍ ይፈትኑ።

አረንጓዴው ሲጠወልግ፣ ሽታው ሲከብድ

ፎሶሊያና ብሮኮሊ በረጅም ሙቀት የወታደር ልብስ መልክ የሚይዙት፣ አረንጓዴ ቀለማቸው በመሐሉ የያዘውን ማግኒዥየም ከአትክልቱ በሚወጣ አሲድ ስለሚያጣ ነው። በብዙ የፈላ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ ለ2 ደቂቃ ለብለብ ማድረግና ወዲያው በበረዶ ውሃ ማቀዝቀዝ ጉዳቱን ይቀንሳል። አንዳንዶች ቤኪንግ ሶዳ ይጨምራሉ፤ አልመክረውም፤ ቀለሙን ቢጠብቅም አትክልቱን ያላሽቀዋል፣ ቫይታሚን ሲንም ይጎዳል።

ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈሉ የድኝ ውሕዶችን ስለሚለቁ ቤቱን የሚያውድ ከባድ ሽታ ያመጣሉ። ከ5 ደቂቃ በላይ ባይቀቀሉ፣ ይልቁንም በኃይለኛ ሙቀት ቢጋገሩ ሽታው ወደ ጣፋጭነት ይለወጣል። ስጎው ግራጫ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሳይጠበስ የገባ እንጉዳይ ነው።

ላዩ ሲላሽ ወይም ከውስጡ ቀድሞ ሲያር

የዳቦ ፍርፋሪ ኩርሽም የሚለው ሲደርቅ ነው። ከሥሩ ውሃማ ስጎ ካለ፣ ወይም ከዋዜማው ተነስንሶ በፍሪጅ ካደረ፣ እርጥበቱን መጥጦ ይላሻል። በፎይል ተሸፍኖ መጋገርም በእንፋሎት ያርሰዋል። ፍርፋሪውን በ30 ግራም የቀለጠ ቅቤ ማሸት፣ በደረቅ መጥበሻ ትንሽ ማመስ፣ ከዚያም መጋገሩ ሊያበቃ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሲቀረው መነስነስ ይበቃዋል። ቺዙ ከፍርፋሪው ሥር እንጂ ከላዩ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ከላይ ሲሆን ፍርፋሪውን ይዘጋበታል።

ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ መጋገሪያው ወደ ኦቭኑ ጣሪያ ቀርቧል ማለት ነው። ወደ መካከለኛው እርከን ያውርዱትና ፎይል ልል አድርገው ያልብሱት። መልክ እምቢ ካለው ደግሞ በመጨረሻው 2 ወይም 3 ደቂቃ የላይኛውን እሳት ይክፈቱበት፤ በነዚያ ደቂቃዎች ግን ከኦቭኑ ፊት አይሂዱ።

ጠርዙ ሲቃጠል፣ መሐሉ ሲቀዘቅዝ

ይህ በእርግጥም የበዓል ቀን ችግር ነው። ሙቀት ወደ ምግቡ የሚገባው ከዳርና ከላይ ነው፤ ወፍራም ስጎ ደግሞ እንደ ሾርባ ስለማይገላበጥ ሙቀቱ መሐል የሚደርሰው ቅንጣት በቅንጣት ተላልፎ ነው። ጥልቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልገው ጊዜ ከእጥፍ በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለ16 ሰው በአንድ ጥልቅ መጋገሪያ ከመሥራት፣ ጥልቀታቸው ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ በሁለት መጋገሪያ መሥራት ይሻላል፤ ሁለቱ እኩል ይበስላሉ፣ ላያቸውም ብዙ ይሆናል፣ ሰዎች የሚሻሙት ደግሞ ላዩን ነው። እስከ አፉም አይሙሉት፤ 2 ሴንቲ ሜትር ካልተተወለት ሲንተከተክ ይገነፍላል።

ከፍሪጅ የወጣ መጋገሪያ ለ30 ደቂቃ ውጭ ይቆይ፤ ከዚያ ለመጀመሪያው 25 ደቂቃ ተሸፍኖ፣ የቀረውን ተገልጦ ይጋገር። መጋገሪያው የመስታወት ከሆነ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በረዶ ሆኖ የወጣ መስታወት ወደ ጋለ ኦቭን ሲገባ፣ ወይም ጋለ ብሎ የወጣው በእርጥብና በቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲቀመጥ ሊፈነዳ ይችላል። ከዋዜማው ለሚሰናዳ ምግብ የብረት መጋገሪያ የማይሰበርና ቶሎ የሚሞቅ በመሆኑ ይመረጣል።

ኦቭኑ ውስጥ ትልቅ ጥብስ አብሮ ካለ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ጥብሱ የሚያወጣው እንፋሎት የፍርፋሪውን መድረቅ ያዘገያል፣ በሩ በተደጋጋሚ ሲከፈት ደግሞ ሙቀቱ ይወርዳል። ጥብሱ ወጥቶ በሚያርፍበት ጊዜ አትክልቱን ማስገባት ሁለቱንም ይፈታል። መሐሉ መሞቁን በግምት ሳይሆን በምግብ ቴርሞሜትር ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ቀድሞ ተሠርቶ የቀዘቀዘ ምግብ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ቢላዋ እስከ መሐሉ ሰክተው እስከ 10 ከቆጠሩ በኋላ ያውጡና በጥንቃቄ ይንኩት፤ ለብ ብቻ ካለ ገና ነው።

ጣዕሙ ልል ሲል፣ ሲጨው ወይም ሲመር

ስታርችና ስብ የጨውን ስሜት ያደበዝዛሉ፤ ስለዚህ ድስት ውስጥ ልክ የመሰለው ስጎ ከአትክልት ጋር ሲዋሃድ ልል ይሆናል። አትክልቱን ለብቻ፣ ስጎውን ለብቻ እየቀመሱ ማጣፈጥ ይገባል፤ ስጎው ብቻውን ሲቀመስ ትንሽ ጨው የበዛበት ከመሰለ ልኩ ነው። ቺዙ ጨዋማ ከሆነ ግን ጨው የሚጨመረው ቺዙ ከቀለጠ በኋላ ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና ትንሽ ተፍቆ የገባ ገውዝ ስጎውን ያነቃቁታል። የከበደ ከመሰለም ሎሚ የሚጨመቀው ሳህን ላይ እንጂ መጋገሪያው ውስጥ አይደለም።

ምሬት ከተቃጠለ ነጭ ሽንኩርት ወይም ከጠቆረ ዱቄት ሊመጣ ይችላል። ከዝኩኒ የመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እጅግ የሚመር ዝኩኒ ኩከርቢታሲን የተባለ መርዛማ ውሕድ ይዟል፤ ውሕዱ በማብሰል አይጠፋም፣ ሆድንም ክፉኛ ያውካል። ከመቁረጥዎ በፊት ከጫፉ ጥቂት ቀምሰው መራራ ከሆነ ይትፉትና ዝኩኒውን ይጣሉት። ምግቡ ከተጋገረ በኋላ ከተደረሰበትም ምንም ያህል ቢለፋበት ለማንም አይቅረብ።

ከዋዜማው ሲሰናዳና ሲተርፍ

ማታ ተሰናድቶ ጠዋት የሚጋገር ከሆነ አትክልቱም ስጎውም ከቀዘቀዙ በኋላ ይዋሃዱ፤ ትኩሱ ከቀዝቃዛው ጋር ሲገናኝ ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ የሚቆይ ምግብ ይፈጠራል፣ ይህም ለባክቴሪያ የሚመች ነው። ፍርፋሪው ለብቻው በዕቃ ይቀመጥ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ በመጋገሪያ ሰዓቱም ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይታከል።

ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ግን ለዚህ ምግብ አይስማማም። በስንዴ ዱቄት የወፈረ ስጎ ከበረዶ ሲላቀቅ ውሃውን ይለቃል፣ ድንችም ይፈረፈራል። የግድ ከሆነ አትክልቱ ለብቻው ተዘጋጅቶ ይቀመጥና ስጎው በዕለቱ ይሠራ።

የተረፈው ከገበታ በ2 ሰዓት ውስጥ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ተገልብጦ ወደ ፍሪጅ ይግባ፤ በ3 ወይም 4 ቀን ውስጥ ይበላል። ሲሞቅ በኦቭን በ170 ዲግሪ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ተጨምሮበት፣ ተሸፍኖ ይሁን፤ ማይክሮዌቭ ስጎውን ቦታ ቦታ ላይ አፍልቶ ቅባቱን ስለሚለየው፣ የሚጠቀሙበት ከሆነ በዝቅተኛ ኃይል፣ በየደቂቃው እያማሰሉ ያሙቁት።